ለሪያድ የሚሆን ዐረብኛ ከስልክ መተግበሪያ ለመማር ስንሞክር የገጠመን

ታናሽ እህቴ ሪያድ ሄዳ በአንድ ቤተሰብ ዘንድ ለመሥራት የወሰነችው በ2017 ዓ.ም. መስከረም ወር ነበር። የምንኖረው ኮምቦልቻ ሲሆን፣ እኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ እርሷ ደግሞ አሥረኛ ክፍልን ከጨረሰች በኋላ ለጥቂት ዓመታት በአንድ ምግብ ቤት ስትሠራ ቆይታለች። ሥልጠናው፣ የብቃት ምዘናው፣ የጤና ምርመራውና ፓስፖርቱ ወራትን እንደሚፈጁ ስንረዳ፣ በዚህ ጊዜ ዐረብኛ ብትማርበት ይሻላል ብለን ተማከርንና እጅግ ከታወቁት የቋንቋ መተግበሪያዎች አንዱን በስልኳ ላይ ጫንኩላት። “አብሽሪ፣ መምህሩ ኪስሽ ውስጥ ነው” ያልኳት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ የማነሣው ቅሬታ ገሚሱ በራሴ ላይ የሚቀርብ ነው።

ብቻዋን እንዳትሰለች በማለት እኔም በራሴ ስልክ መማር ጀመርኩ። ሁለታችንም በልጅነታችን ቁርኣን ቤት ስለቀራን ፊደሉ አዲስ አልነበረም፤ ትርጉሙን ባናውቅም ድምፁን አውጥተን እናነባለን። መተግበሪያው ግን ሃያ ስምንቱን ፊደላት አንድ በአንድ፣ በመነሻ፣ በመካከልና በመድረሻ ላይ የሚይዙትን ቅርጽ ጭምር፣ ትርጉም በሌላቸው ድምፆች እያፈራረቀ ለሳምንታት አስደገመን። ሰውነታችን ቀሎን በየምሽቱ ነጥብ ስንሰበስብ፣ ትምህርቱ ቀላል የሆነልን ቀድሞ የምናውቀውን ስለሚጠይቀን መሆኑን አላስተዋልንም። እህቴ በመጀመሪያው ወር መጨረሻ በሳምንታዊው የደረጃ ሰንጠረዥ ሁለተኛ ወጥታ ሰንጠረዡን ለእናታችን አሳየቻት፤ እናታችንም “ታዲያ አንድ ነገር በዐረብኛ ተናገሪልኛ” ብትላት፣ “በሩ ትልቅ ነው” አለቻት።

የመጀመሪያው እውነተኛ ችግር የመጣው ፊደሉ አልቆ ዓረፍተ ነገር ሲጀመር ነው። መተግበሪያው አማርኛ አያውቅም፤ ዐረብኛውን የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ አማካይነት ብቻ ነበር። ለእኔ ይህ እንቅፋት አልሆነብኝም፤ ለእህቴ ግን እያንዳንዱ ጥያቄ ሁለት ፈተና ሆነባት። ዐረብኛውን በሚገባ ሰምታ፣ ትርጉሙንም በአማርኛ ነግራኝ፣ የእንግሊዝኛውን ቃላት አሰካክ ስላዛባች ብቻ መልሷ በቀይ ይመለሳል። ለዚህ ሥራ የሚሄድ ሰው ስንተኛ ክፍል እንዲደርስ እንደሚጠበቅ ለማየት፣ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሲወጣ የጠየቀው ስምንተኛ ክፍልን ማጠናቀቅ እንደነበር ማስታወስ ይበቃል። በስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ይህን መተግበሪያ መከታተል አይቻልም፤ ይህን የምለው ከስምንተኛ ክፍል አልፈው የሚመጡትን ተማሪዎች በየዓመቱ የምቀበል መምህር ስለሆንኩ ነው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ እንግሊዝኛው በመካከል ገብቶ የሚያጠፋው ነገር መኖሩ ነው። ዐረብኛም አማርኛም ወንድን “አንተ”፣ ሴትን “አንቺ” ብለው ይለያሉ፤ በዐረብኛ “አንተ” እና “አንቲ” ነው፣ ከዚህ የሚቀርብ ነገር አይገኝም። ግሡም እንዲሁ ይለወጣል። እንግሊዝኛ ግን ሁለቱንም በአንዲት ቃል ስለሚጠራ፣ “ምን ትፈልጊያለሽ” እና “ምን ትፈልጋለህ” በማያ ገጹ ላይ ፍጹም አንድ ሆነው ይመጣሉ። አንድ ምሽት እህቴ፣ ሴት ናትና፣ በሴት አንቀጽ መለሰች፤ የተጠበቀው የወንዱ ስለነበር ስሕተት ተባለች። በሚቀጥለው ጥያቄ በወንድ ብትመልስ በዚያኛው ደግሞ የሴቱ ኖሯል። ስልኩን ትራሱ ላይ ወርውራ “ወንድምዓለም፣ ይኸ ነገር ማንን እያናገረ ነው?” አለችኝ። ያን ጊዜ ሳቅሁ፤ ነገር ግን ጥያቄዋ ትክክል ነበር፤ እርሷን እያናገረ አልነበረም።

ስሕተት ዋጋ ያስከፍላል። በዚያን ጊዜ መተግበሪያው አምስት ልቦች ይሰጥና በየስሕተቱ አንድ ይቀንስ ነበር፤ ካለቁ ትምህርቱ ይዘጋል፣ ለመቀጠልም ሰዓታት መጠበቅ፣ ማስታወቂያ ማየት ወይም መክፈል ያስፈልግ ነበር። ክፍያው በውጭ ምንዛሬ በሚሠራ ካርድ ስለሆነ ለእኛ ያው እንደሌለ ነው፤ ማስታወቂያውም ከትምህርቱ ይልቅ ዳታ ይበላል። ስለዚህ አብዝቶ የሚሳሳተው፣ ማለትም አብዝቶ መለማመድ የሚያስፈልገው ተማሪ፣ ቀድሞ ይባረራል። እንዲህ ያለ መምህር ትምህርት ቤታችን ቢኖር ወላጅ በመጀመሪያው ሳምንት ይከሰው ነበር።

የተከታታይ ቀናት ቆጠራው ግን ከሁሉም በላይ ያሳፈረኝ ጉዳይ ነው። አንድም ቀን ሳይዘለል የተማሩበት ቀን በእሳት ምልክት ይቆጠራል፤ አንድ ቀን ከተዘለለ ወደ ዜሮ ይመለሳል። እህቴ ለሥልጠና ደሴ ውላ ደክሟት በምትመለስባቸው ምሽቶች፣ መብራት ጠፍቶ ስልኳ በተዘጋበት ወይም ዳታ በተቋረጠበት ቀን፣ ቁጥሩ እንዳይጠፋባት በማሰብ እኔ ራሴ በስሟ ገብቼ ቀላሉን ትምህርት እየደገምኩ አቆየሁላት። መቶ አርባ ሦስተኛው ቀን ላይ ስንደርስ ከእነዚህ ውስጥ ሃያ ያህሉ የእኔ ነበሩ። የሚቆጠረው የመክፈቻው ቀን እንጂ የሚታወቀው ቃል አለመሆኑን የተረዳሁት ለእርሷ ብዬ ሳታልል ነው፤ ነገር ግን ቁጥሩን ማየት ስለለመድን ማቆም አልሆነልንም።

ያቆምነው በየካቲት ነው። ሪያድ የምትሠራ የአክስታችን ልጅ በቪዲዮ ደውላ ስታነጋግረን፣ የቤቱ አሮጊት እመቤት በአጠገቧ ስለነበሩ እህቴን ለሰላምታ አቀረበቻት። ሴትዮዋ ፈገግ ብለው “ወሽ ኢስሚክ?” አሏት። እህቴ ወደ እኔ ዞረች፤ እኔም ወደ እርሷ። ደገሙት። መቶ አርባ ሦስት ቀን የተማርን ሁለት ሰዎች “ስምሽ ማን ነው?” የሚል ጥያቄ አልገባንም። እኛ የተማርነው “ማ ኢስሙኪ” የሚለውን ነበር፤ “ወሽ” የምትለዋን ቃል በሕይወታችን ሰምተናት አናውቅም፤ እርሷ ከፊት ስለቀደመች ብቻ ከኋላዋ ያለውን፣ የራሳችን “ስም” የሆነውን “ኢስም” እንኳ ሳንለየው ቀረን። ጥሪው ካበቃ በኋላ እህቴ ብዙ ሳትናገር ወደ ጓዳ ገባች።

በማግስቱ ነገሩን ለጎረቤታችን አጫወትኳቸው። እኒህ ሴት ሪያድ ዘጠኝ ዓመት ሠርተው የተመለሱ፣ እኛ “እታለም” እያልን የምንጠራቸው ናቸው። የተማርነውን እንድናሰማቸው ጠየቁንና እህቴ “ማዛ ቱሪዲን?” ብላ “ምን ትፈልጊያለሽ?” የሚለውን ስትላቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። “ልጄ፣ ይኸማ የዜና አንባቢው ነው። ቤት ውስጥ ማን እንዲህ ይላል?” አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፉስሓ የሚባለው ዐረብኛ የመጽሐፍ፣ የዜና፣ የትምህርት ቤትና የመንግሥት ሥራ ቋንቋ ነው፤ የተማረ ሁሉ ይረዳዋል፤ ነገር ግን ለማንም የአፍ መፍቻ አይደለም። በቤት፣ በገበያና በመንገድ የሚነገረው ዓሚያ የሚሉት ሲሆን እርሱም ከአገር አገር፣ በአንድ አገር ውስጥም ከከተማ ከተማ ይለያያል። ሪያድ ላይ “ወሽ ተቢን?” የሚባለው ጂዳ ላይ “ኤሽ ተብጊ?” ይሆናል። “የት” በመጽሐፉ “አይነ” ነው፣ በቤት “ዌን”፤ “ለምን” በመጽሐፉ “ሊማዛ”፣ በቤት “ሌሽ”፤ “አሁን” በመጽሐፉ “አልኣን”፣ ሪያድ ላይ “አልሒን”። በቀን ውስጥ መቶ ጊዜ የሚሰሙት ቃላት እነዚህ ናቸው፤ መተግበሪያው ያስተማረን ደግሞ በተቃራኒው ያሉትን ነበር። ፉስሓን ማስተማሩን አልነቅፍበትም፤ ለሚያነብ ሰው ተገቢ ነው። የምነቅፈው “ዐረብኛ” ብሎ ብቻ ማቅረቡንና፣ ይህ ልዩነት መኖሩን ጀማሪው በሚያየው ቦታ አለመናገሩን ነው።

እታለም ከዚያ በኋላ ያሳዩን ነገር ግን እጅግ አስደነቀኝ፤ የወሎ ሰው ለዚህ ቋንቋ ባዶ እጁን አይሄድም። መተግበሪያው “ሻይ” ብሎ ያስተማረንን ሪያድ ላይ ልክ እንደ እኛ “ሻሂ” ይሉታል። የቡናውን ስኒ መተግበሪያው “ፊንጃን” ሲል፣ እነርሱ “ፊንጃል” ይላሉ፤ እናታችን ፍንጃል እንደምትለው። “ቀህዋ” የተባለው ቡና “ገህዋ” ነው፤ በመጽሐፉ “ቀ” የሆነው ድምፅ በእነርሱ አፍ በአብዛኛው “ገ” ይሆናልና። ሌላው ቀርቶ እኔ በመጀመሪያው ቀን “አብሽሪ” ያልኳት ቃል እዚያ በየሰዓቱ ይነገራል፤ ነገር ግን አገባቡ ይለያል። እኛ “አይዞሽ፣ አታስቢ” ለማለት ስንጠቀምበት፣ እዚያ አንድ ሰው አንድ ነገር ሲጠይቅህ “እሺ፣ ይደረግልሃል” ለማለት የሚመለስ ነው። ቤት፣ ዓይን፣ ደም፣ ሌሊት፣ ሰማይ የሚሉትማ በሁለቱም ቋንቋዎች ዘመዳማቾች ናቸው። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ የተዘጋጀ ትምህርት እነዚህን ሁሉ እንደ ባዕድ ቃል ያስቆጥርሃል፤ በአንጻሩ አንድን ፊደል ማጥበቅ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ረጅም ሰዓት ይወስዳል፤ እኛ ግን “አለ” ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ እንደሚለወጥ ከእናታችን ጀርባ ላይ ሳለን እናውቀዋለን።

ዝምድናው ወጥመድም አለው፤ ይህንም የትኛውም መተግበሪያ አይነግርህም። በዐረብኛ ሦስት “ሠላሣ”፣ አምስት “ኸምሳ”፣ ሰባት “ሰብዓ”፣ ስምንት “ሠማንያ” ነው። ለአማርኛ ጆሮ እነዚህ ሠላሳ፣ ሃምሳ፣ ሰባና ሰማንያ ሆነው ይገባሉ። እታለም በመጀመሪያው ወራቸው ለልጁ “ኸምሳ ሪያል” ስጪው ተብለው ሃምሳ ሪያል ሰጥተውት፣ ልጁ በደስታ ሮጦ ወጣ፤ ማታ ሒሳቡ ሲጠየቅ ግን ምን እንደተፈጠረ ለማስረዳት ቃል አልነበራቸውም። ሃምሳውን ለማለት “ኸምሲን” ነው፤ ሠላሳ “ሠላሢን”፣ ሰባ “ሰብዒን”፣ ሰማንያ “ሠማኒን”። በመጨረሻ “ኢን” ካልሰማህ አሥሮቹ አይደሉም። ሰዓቱም ሌላ ወጥመድ ነው። የእኛና የሪያድ ሰዓት እኩል ነው፤ አቆጣጠሩ ግን በስድስት ስለሚለያይ “አስሳዓ ሰብዓ” ስትባል ሰባት ሰዓት ብላ እንዳትጠብቅ፣ በእኛ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት መሆኑን እህቴ እንደ ዱዓ ደጋግማ አጠናችው።

ይሁንና የመተግበሪያው ትልቁ ጉድለት ከቃላቱም በላይ ይመስለኛል። ትምህርቱ ተማሪውን እንግዳ አድርጎ ያስባል፤ ሆቴል ገብቶ ቡና የሚያዝ፣ ታክሲ የሚጠራ፣ ቤተ መዘክር የሚጠይቅ ሰው። እህቴ ቡናውን የምታፈላው እንጂ የምታዘው አልነበረችም። ለእርሷ ትእዛዝ በሴት አንቀጽ፣ በፍጥነት፣ ከሌላ ክፍል ሲጣራ መስማት ነበር የሚያስፈልጋት፤ “ጂቢ” (አምጪ)፣ “ነዝፊ” (አጽጂ)፣ “መክወ” (ካውያ)፣ “ሠላጃ” (ማቀዝቀዣ)፣ “ገሳላ” (የልብስ ማጠቢያ ማሽን)። በአምስት ወራት ውስጥ ከእነዚህ ውስጥ ያገኘነው አንድ ብቻ ነበር፤ በምትኩ አጎቴ ሦስት ዳክዬዎች እንዳሉት በዐረብኛ መናገር እችላለሁ። ደመወዝ “ራቲብ”፣ የመኖሪያ ፈቃድ “ኢቃማ”፣ ፓስፖርት “ጀዋዝ”፣ “አሞኛል” ለማለት ሴት “አነ መሪዳ” እንደምትል፣ “ቤተሰቤን ማነጋገር እፈልጋለሁ” ለማለት “አቢ አከሊም አህሊ” እንደሚባል የነገሩን እታለም ናቸው። ይህችን የመጨረሻዋን እህቴ ከእንቅልፏ ተቀስቅሳ እንኳ እንድትላት አድርገው አስጠኗት።

አጠናናችን ይህን ይመስል ነበር። ከአስር ሶላት በኋላ ቡና ሲፈላ እታለም በቤቱ ውስጥ እንዳሉ እመቤት ሆነው ያዝዛሉ፤ እህቴ የታዘዘችውን በእጇ ትሠራለች እንጂ አትተረጉምም። “ጂቢ ፊንጃል” ሲሉ ፍንጃሉ ካልመጣ ቃሉ አልታወቀም ማለት ነው፤ ከዚህ የተሻለ ፈተና አላየሁም። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ በደብተር እጽፋለሁ፤ የምጽፈውም በእንግሊዝኛ ፊደል ሳይሆን በፊደላችን ነው። በአማርኛ ድምፃቸው አንድ የሆነብን “ሀ”፣ “ሐ” እና “ኀ”፣ “አ” እና “ዐ” ለዐረብኛው የተለያዩ ድምፆች ልክ ሆነው ተገኙ፤ በየመዝገበ ቃላቱ ሥራ ፈትተው የተቀመጡ ፊደላት ሥራ ያዙ። የሚጠብቀው ፊደል ላይ ነጥብ አደርግበታለሁ። የጎደለን ድምፁ ስለሆነ እታለም እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ፣ አንዱን “ሽወይ ሽወይ” በዝግታ፣ ሌላውን በተለመደው ፍጥነት፣ በስልክ እንዲቀዱልን አደረግን።

ስልክን ጨርሶ አልተውነውም። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ የተጠና ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት እንደሚረሳ፣ ከዚያ ግን የመርሳቱ ፍጥነት እንደሚቀንስ በራሱ ላይ ሞክሮ አሳይቷል፤ ስለዚህ አንድን ቃል ሊረሳ ሲል መልሶ ማንሣት ይጠቅማል፤ ታዋቂዎቹ መተግበሪያዎችም ውስጣቸው ያለው ጥሩ ነገር ይህ ነው። እኛ ይህንኑ አንኪ በተባለው የካርድ መተግበሪያ አገኘነው፤ በአንድሮይድ ስልክ በነፃ ይጫናል፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ልብ አይቆጥርም፣ ካርዱንም የምትሠራው አንተ ነህ። በካርዱ ፊት የእታለምን ድምፅ፣ በጀርባው የአማርኛውን ትርጉም አስገባሁ፤ እንግሊዝኛ የሚባል ነገር ከመካከል ወጣ። በቀን አሥር አዲስ ካርድ በቂ ነው፤ ሃያ ሞክረን በሁለተኛው ሳምንት ድጋሚው ተከምሮብን ነበር። የሰኔ ወር ሲጋመስ አራት መቶ ያህል ካርዶች ነበሯት።

በንግግር መለማመጃው ላይ ግን አትመኑ። ታዋቂው መተግበሪያ በማይክሮፎን “ትክክል” ሲለን የነበረውን ቃላት እታለም አንድ በአንድ አርመውብናል፤ እኛ “ጠ” እና “ቀ”ን እንደ አማርኛው በጉሮሮ አፍነን እያፈነዳን ስንላቸው፣ “ዐ”ን ጭራሽ ስንውጣት፣ ማሽኑ ግን አልፎናል። አንድ ጊዜ እህቴ ዝም ብላ ራዲዮኑ ሲያወራ እንኳ አረንጓዴ አብርቷል። የሚያርም ሰው በአካባቢያችሁ ፈልጉ። በወሎ ከተሞችና ገጠሮች ከዐረብ አገር የተመለሰች ሴት የሌለችበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል፤ ነገር ግን የት ከተማ እንደሠራች አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ቤሩት የሠራች ሴት የምታውቀው ዐረብኛ ለሪያድ ቤት አይሆንም፣ የእኛዋ እታለምም ለጂዳ ተጓዥ “እኔን አትመኑ” ነው ያሉት።

እህቴ የሄደችው በነሐሴ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከባድ እንደነበሩና ልጆቹ ሲናገሩ ምንም እንደማትሰማ፣ ትልልቆቹን ግን እንደምትከተል በድምፅ መልእክት ነገረችኝ፤ ብዙ ጊዜ ያዳነቻት “ማ ፈሂምት” (አልገባኝም) እና “ሽወይ ሽወይ” መሆናቸውን አክላለች። እታለም የማያውቋቸውን አዳዲስ ቃላት አሁን የምትልክልን እርሷ ናት። ደብተሩ ዘንድሮ ለመሄድ ሥልጠና በጀመረች የጎረቤት ልጅ እጅ ስለሆነ፣ አዲሶቹን ቃላት በወረቀት እየጻፍኩ አርብ አርብ እወስድላታለሁ፤ ስድስተኛው ገጽ ላይ ቡና ስለፈሰሰበት ከ“መጥበኽ” (ማድቤት) በታች ያሉትን አራት ቃላት እታለምን ጠይቃ እንድትሞላቸው ነግሬያታለሁ።